ማታ የመርከቡ ሞተር ክፍል ውስጥ ማን አለ?

ጥያቄ፦ ልጄ ባሕር ዳር ተምሮ ጭነት መርከብ ላይ በመሐንዲስነት ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሲደውል ማታ ማታ ሞተር ክፍሉን ትተው እንደሚተኙ፣ ኮምፒውተር እንደሚጠብቅላቸው ነገረኝ። እኔ ሂርማታ ገበያ ቡና ነጋዴ ነኝ፤ የኛም ቡና ከጅቡቲ በመርከብ ነው የሚሄደው። ያን ሁሉ ኮንቴይነር የጫነ መርከብ እንዴት ያለ ጠባቂ ያድራል? ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።
አንዲት እናት፣ ከጅማ

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ አልዋሸም። ስልክ ላይ ሆኖ ሁሉንም ማስረዳት አልቻለም እንጂ።

እርስዎ ጓዳ ሆነው ሳሎን የተጣደው ጀበና ሊገነፍል ሲል ድምፁን ሰምተው ይነሱ የለ? ሞተር ክፍሉም ማታ የሚጠበቀው እንደዚያ ነው። በየማሽኑ ላይ ሴንሰር አለ። የዘይቱን ግፊት፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት፣ መርከቡ ሆድ ስር የተጠራቀመውን ውሃ ቀን ከሌት ይለካል። አንዱ ከልኩ ካለፈ አላርሙ የሚጮኸው እዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም፣ ተረኛው መሐንዲስ የተኛበት ካቢን ድረስ ይመጣል፤ እሱ ቶሎ ካልመለሰ ደግሞ ሌሎቹን ይቀሰቅሳል። እኔም በዚህ ሙያ ሳለሁ ሳልቀሰቀስ ያደርኩበት የተራ ሌሊት ጥቂት ነው።

ሰው እስኪደርስ የማይጠበቅለትም ነገር አለ። የዘይት ግፊት ክፉኛ ከወረደ ሞተሩ ራሱን ያጠፋል። መብራት ከጠፋ ተጠባባቂው ጄኔሬተር ይነሳል። እሱም እምቢ ካለ የአደጋ ጊዜው ጄኔሬተር በ45 ሰከንድ ውስጥ መብራት እንዲሰጥ ዓለም አቀፍ ሕጉ ያስገድዳል።

መርከቡ የሚነዳበት ብሪጅ ላይ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሰው አለ። እሱም ይጠበቃል፤ ከ3 እስከ 12 ደቂቃ ተብሎ በተሞላው ልዩነት መንቃቱን ካላሳየ መብራት ብልጭ ይላል፣ ቀጥሎ ይጮኻል፣ ዝም ካለ ካፒቴኑን ወይም ሌላ መኮንን ይቀሰቅሳል።

እኔን የሚያስፈራኝ የሰው አለመኖር ሳይሆን የሴንሰር መበላሸት ነው። አንድ ጊዜ የሰራሁበት መርከብ ላይ የታችኛው ውሃ አላርም መርከቡ በተናወጠ ቁጥር እየጮኸ ቢያስቸግር፣ አንዱ ሽቦውን ነቀለው። በዚያው ሌሊት ፓምፕ ማፍሰስ ጀመረ። ጠዋት ስንወርድ ውሃው የምንረግጠው ብረት ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሽቦ ቀላል ነገር አይደለም፦ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. አሜሪካ ባልቲሞር ላይ ዳሊ የተባለው መርከብ መብራት ጠፍቶበት ድልድይ ሲያፈርስ ድልድዩ ላይ የነበሩ 6 ሠራተኞች ሞተዋል፤ መርማሪዎቹ የመጀመሪያውን የመብራት መጥፋት መነሻ አድርገው ያገኙት የመለያ ልጣፏ ከልክሏት በደንብ ያልገባች አንዲት ሽቦ ነበረች።

ስለዚህ ሲደውል አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ሌሊት አላርም ጠርቶት ብቻውን ሲወርድ፣ ዴድማን የሚሉትን ሳያበራ ይገባ እንደሆነ። እሱ ማለት በየጥቂት ደቂቃው «ደህና ነኝ» ብሎ የሚጫነው ቁልፍ ነው። ወድቆ ወይም ራሱን ስቶ ሳይጫን ከቀረ መርከቡ ሁሉ ይሰማል፣ ጓደኞቹም ሮጠው ይወርዳሉ። «ሁልጊዜ አበራለሁ» ካለዎት ይተኙ። «አንዳንዴ እረሳለሁ» ካለ ግን ይቆጡት።