ቬኒስን በእግር፦ ጠይቁ፣ ይመለስላችኋል

ቬኒስ መኪና የማይገባባት፣ ብስክሌት እየገፉ ማለፍ እንኳ የተከለከለባት ከተማ ናት። እሷን ማየት ማለት በእግር መሄድ ማለት ነው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ወጪው፣ ስለ ውኃው ጥያቄ ያላችሁ እዚህ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ከሚላኖ በባቡር ነው የምመጣው። ሁለት «ቬኔዚያ» አየሁ፤ የቱ ላይ ልውረድ?

መልስ፦ ሳንታ ሉቺያ ላይ። ሜስትሬ የየብሱ ከተማ ነው፤ ብዙ ሰው «ቬኔዚያ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሻንጣውን ይዞ እዚያ ይወርዳል። ባቡሩ በባሕሩ ላይ ያለውን ረጅም ድልድይ እስኪሻገር አትነሳ። ባቡርህ ሜስትሬ ላይ የሚያበቃ ከሆነ ግን በአካባቢ ባቡር 10 ደቂቃ ያህል ነው የቀረህ። የአካባቢ ባቡር የወረቀት ቲኬት ሳትሳፈር በፊት ማሽን ላይ መመታት አለበት፤ ሳታስመታ ብትገኝ ከፍለህም ትቀጣለህ።

ጥያቄ፦ የስልኬ ካርታ ይበቃኛል? እዚያ ያሳስታል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እውነት ነው፣ ያሳስታል። መንገዱ ጠባብ፣ ግድግዳው ረጅም ስለሆነ የሳተላይቱ ምልክት ይዋዥቃል፤ አንቺ ከቦዩ ወዲህ ቆመሽ ስልኩ ወዲያ ማዶ ያደርግሻል። በሌላ ከተማ አሥር ሜትር ስሕተት ምንም አይደለም። እዚህ ግን መሐሉ ውኃ ስለሆነ ድልድይ ፍለጋ መዞር ሊኖርብሽ ነው።

ስለዚህ የመንገዱን ስም ማንበብ ልመጂ። ስሙ ግድግዳው ላይ፣ በነጭ ልስን ውስጥ በጥቁር ቀለም ተጽፏል፤ የአገሩ ሰው ይህን ነጭ መደብ «ኒዝዮሌቶ» ይለዋል፣ ትንሽ አንሶላ እንደማለት። የመጀመሪያው ቃል ወዴት እንደምትሄጂ ይነግርሻል። «ካሌ» ተራ ጠባብ መንገድ ነው። «ፎንዳሜንታ» በቦይ ዳር የሚሄድ፣ «ሪዮ» ቦዩ ራሱ፣ «ሪዮ ቴራ» ደግሞ ተደፍኖ መንገድ የሆነ ቦይ ነው፤ ሰፋ ያለ ስለሆነ ሻንጣ ለያዘ ይመቻል። «ሶቶፖርቴጎ» በቤት ሥር ያልፋል። መጠንቀቅ ያለብሽ ከ«ኮርቴ» እና ከ«ራሞ» ነው፦ የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ መውጫ የሌለው ግቢ ነው፤ ሁለተኛውም ብዙ ጊዜ ውኃ ላይ ወይም ግንብ ላይ ያበቃል።

ለዋናው አቅጣጫ በየማዕዘኑ ቢጫ ሰሌዳዎች አሉ፦ «ፔር ሪያልቶ»፣ «ፔር ሳን ማርኮ»፣ ወደ ባቡር ጣቢያው ሲሆን «አላ ፌሮቪያ»። ከጣቢያው ሪያልቶ ድልድይ 25 ደቂቃ፣ ሳን ማርኮ ደግሞ 40 ደቂቃ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ የማርፍበት ቤት አድራሻ «ካስቴሎ» ብሎ አራት አሐዝ ቁጥር ብቻ ነው የሚለው። መንገዱ የት አለ?

መልስ፦ የለም። ከተማዋ በስድስት ሰፈር ተከፍላለች፤ ቁጥሩም የሚሰጠው በመንገድ ሳይሆን በሰፈር ነው። ካስቴሎ ከ6,000 በላይ ይደርሳል፣ ተከታታይ ቁጥሮችም ማዕዘን ዞረው ሌላ ካሌ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። ባለቤቱን የካሌውን ስም፣ ቅርቡን አደባባይ («ካምፖ» ይሉታል) እና ቅርቡን የጀልባ ማቆሚያ ጠይቅና በወረቀት ያዝ። በተለይ ሲመሽ የምትደርስ ከሆነ ይህን ሳትይዝ አትምጣ።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ነው የምመጣው፣ ጉልበቷን ያማታል። ይቻላታል?

መልስ፦ ይቻላታል፤ ግን ቀኑን በድልድይ ቁጥር ለክተሽ አቅጂው። ከ400 በላይ ድልድይ አለ፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል ደረጃ አላቸው። ረጅሙን ርቀት በሕዝብ ጀልባው በቫፖሬቶ አድርጊው፤ 1 ቁጥር ታላቁን ቦይ ከዳር እስከ ዳር እየቆመ ይሄዳል። የ75 ደቂቃ ቲኬት 9.50 ዩሮ፣ የ24 ሰዓት ደግሞ 25 ዩሮ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ከተሳፈራችሁ የቀኑ ይረክሳል። በተሳፈራችሁ ቁጥር ቲኬቱን ማሽኑ ላይ ማስነካት አትርሱ።

ለእግር ጉዞ ዛቴሬ ውሰጃት፦ በደቡብ በኩል ያለ ሰፊ የውኃ ዳር መንገድ ነው፣ ፀሐይም ያገኛል። ታላቁን ቦይ በ2 ዩሮ የሚያሻግረውን ትራጌቶ ግን ለእሷ አልመክርም፤ ጀልባው ይወዛወዛል፣ ብዙ ጊዜም ሰው ቆሞ ነው የሚሻገረው።

ጥያቄ፦ መግቢያ ያስከፍላሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከ2024 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ሳያድር ለሚመለስ ጎብኚ፣ በአውሮፓ ፀደይና በጋ በተመረጡ ቀኖች ብቻ። ሰዓቱ በእኛ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 10 ሰዓት ነው። በ2025 ቀድሞ የከፈለ 5 ዩሮ፣ በመጨረሻዎቹ ቀኖች የከፈለ 10 ዩሮ ነበር። ከ14 ዓመት በታች ያሉ አይከፍሉም። ከተማው ውስጥ የሚያድርም አይከፍልም፤ የነፃ መግቢያ ኮድ ግን ማውጣት አለበት። የቀኖቹ ዝርዝር በየዓመቱ ይለወጣል፤ ከመነሣታችሁ በፊት እዩት።

ጥያቄ፦ ኅዳር ላይ ነው የምመጣው። ጎርፉ ያሰጋል?

መልስ፦ የባሕር ሙላት፣ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ሽሮኮ ነፋስና ዝቅተኛ የአየር ግፊት ሲገጣጠሙ ነው ውኃው የሚነሣው። ኖቬምበር 12፣ 2019 ላይ ከመደበኛው የባሕር ከፍታ በላይ 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። ከኦክቶበር 2020 ወዲህ ግን ሞዜ የሚባለው ግድብ አለ፤ 110 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲተነበይ የብረት በሮቹ ከባሕሩ ወለል ተነሥተው መግቢያውን ይዘጋሉ።

የሳን ማርኮ አደባባይ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከዚያ ባነሰ ከፍታም ይረጥባል። ውኃው ከባሕሩ ዳር እየፈሰሰ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ከእግራችሁ ሥር ባሉት የፍሳሽ ቀዳዳዎች በኩል ቀስ ብሎ እየፈለቀ ኩሬ ይሠራል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላም በዚያው ይመለሳል። ረጅም ቦቲ ያዙ፣ በተዘረጉት የእንጨት መተላለፊያዎች ላይም ሂዱ። ውኃ በሸፈነው ፎንዳሜንታ ላይ ግን በጭራሽ አትሂዱ፤ መንገዱ የት አብቅቶ ቦዩ የት እንደሚጀምር አይታይም። በደረቅ ቀንም ቢሆን ወደ ቦይ የሚወርዱትን ታችኞቹን ደረጃዎች አትርገጡ። አረንጓዴው ሽፋን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ለፎቶ ብሎ የሚወድቀው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ በየአደባባዩ መሐል ያሉት የተቀረጹ ድንጋዮች ምንድን ናቸው? ክዳን አላቸው።

መልስ፦ የጉድጓድ አፍ ናቸው። ዙሪያው ሁሉ ጨው ውኃ ስለሆነ ሕዝቡ የሚጠጣው የዝናብ ውኃ ነበር። ወለሉን ልብ ብለህ እየው፦ በጉድጓዱ ዙሪያ ቀዳዳ ያላቸው ነጭ ድንጋዮች አሉ፣ ብዙ ጊዜ አራት፤ ወለሉም ወደ እነሱ ያዘነብላል። ዝናቡ በእነዚያ ገብቶ ከሥር በተሞላው አሸዋ ተጣርቶ መሐል ላይ ወደተገነባው የጡብ ጉድጓድ ይደርሳል። ዙሪያው በሸክላ አፈር ስለተመረገ የባሕሩ ውኃ አይገባም። በ1884 የቧንቧ ውኃ ከየብስ እስኪገባ ድረስ ከተማው በዚህ ነበር የሚኖረው። ዛሬ በየሰፈሩ ያሉት ቧንቧዎች ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ነው የሚያወርዱት፤ ባዶ ጠርሙስ ያዝ።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ነው የምንመጣው። ምን እንበላለን?

መልስ፦ ፒሳ ማሪናራ ከአይብ ነፃ ነው፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት። «ቢጎሊ ኢን ሳልሳ» የሚባለው ፓስታ የጾም ይመስላል እንጂ ስጎው ውስጥ አንቾቪ ዓሣ አለበት። የቦሎቄው ፓስታም አንዳንዴ በአሳማ ሥጋ ይሠራል፣ ፖሌንታውም (የበቆሎ ገንፎ ነው) ቅቤ ሊገባበት ይችላል። «ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ቡሮ፣ ሴንሳ ካርኔ» በሉ፤ ያለ አይብ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ሥጋ ማለት ነው። ቡና ደግሞ ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ፤ ሳን ማርኮ ላይ ከተቀመጣችሁ ዋጋው በብዙ እጥፍ ነው፣ ሙዚቃ ካለ ለሙዚቃውም ያስከፍላሉ።

ጥያቄ፦ ከአገራችን ጋር የሚገናኝ የሚታይ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ ብዙው ሐበሻ ግን ሳያየው ይመለሳል። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮችን ጨምሮ ስጦታ ይዘው ቬኒስ ገብተዋል። በ1450 ገደማ ደግሞ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ ሁለት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ የዓለም ካርታ ሠርቷል። የሐበሻን ምድር ከዚያው ተወልደው ያደጉ ካህናት በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት ራሱ ካርታው ላይ ጽፏል። ደቡብ ወደ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። አገራችንን ከላይ በኩል ፈልጓት፤ የአዋሽና የተከዜ ስም በጣሊያንኛ አጻጻፍ ይታያል። ካርታው የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የሚገባው ሳን ማርኮ አደባባይ ባለው በኮሬር ሙዚየም በኩል፣ ከባሲሊካው (ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን) ትይዩ፣ በአደባባዩ ሌላ ጫፍ ነው። የመስፍኑ ቤተ መንግሥት (ፓላዞ ዱካሌ) ቲኬት ለዚህም ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ጎንዶላስ?

መልስ፦ በቀን ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ 110። ዋጋው ለጀልባው እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው አይደለም፣ እስከ አምስት ሆናችሁ ተካፈሉት። ታላቁ ቦይ ላይ ሞገድ ስለሚበዛ በትንንሾቹ ሪዮዎች እንዲሄድ ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ።