ሣርን በፎቶ መለየት ለጀመራችሁ

ይድረስ የዕፅዋትን ሙያ ለያዛችሁ የጎንደር ወጣቶች፤

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ማበብ ሲጀምር የምትልኩልኝ ፎቶዎች፣ ከግንቡ አጥር ሥርም ሆነ ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ ዳር የተነሱት፣ ለዓይን ያማሩ ናቸው፤ ለስያሜ ግን አብዛኞቹ አይበቁም። ሣር እንደ አደይ አበባ በቀለሙ አይታወቅም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፎቶ ቅጠሉ ከአገዳው ለሚለይበት መጋጠሚያ ስጡት። ቅጠሉን በቀስታ ወደ ኋላ ብታጥፉት በውስጥ በኩል ወይ ስስ ሽፋን ወይ የፀጉር ረድፍ ታገኛላችሁ፤ ሲናር ሽፋኑ፣ ጤፍና የዱር ዘመዶቹ ደግሞ ፀጉሩ አላቸው።

ከዚያ በፊት ግን ሣር መሆኑን አረጋግጡ። ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ አገዳውን በጣታችሁ ብታሽከረክሩት ብዙውን ጊዜ ሦስት ጠርዝ ይሰማችኋል፤ የሣር አገዳ ግን በአብዛኛው ክብ ነው፣ አንጓም አለው።

ብዙ ጊዜ የምትቀላቅሏቸው ሰርዶና አክርማ ናቸው። የሁለቱም ዛላዎች ከአገዳው ጫፍ እንደ ጣት ስለሚዘረጉ፣ ከላይ ብቻ የተነሳ ፎቶ አይለያቸውም። ካሜራውን ወደ መሬት አውርዱት፦ ሰርዶ በመሬት ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፣ አክርማ ግን በአንድ ቦታ ተከማችቶ ይበቅላል፤ የቅጠሉን ጠርዝ ቀርባችሁ ብታነሱትም ነጫጭ የፀጉር ጉንጉኖች ይታያሉ። ስፌት የሚሰፉ እናቶቻችን አክርማን ሳይጎነበሱ ይለዩታል፤ በእኔ እምነት ስልካችሁ ላይ ከጫናችሁት መተግበሪያ ይልቅ እነርሱን መጠየቅ ያዋጣል።

ዛላውን ስታነሱ መዳፋችሁን ከኋላው አድርጉ፤ ንፋሱንም ይመክታል፣ ካሜራውም ከጀርባ ያለውን መስክ ትቶ ዛላውን ያጠራል። ማስመሪያም አብራችሁ አስገቡ።

ለቤት ክዳን የሚውለው ሰንበሌጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ስም የሚጠሩት ዝርያዎች ብዙ ሲሆኑ፣ የሚለያዩትም በጥንድ ዛላዎቹ ላይ ባሉት ሹል ፀጉሮች ብዛትና በመሳሰሉት በአጉሊ መነጽር በሚታዩ ነገሮች በመሆኑ፣ ከፎቶ ብቻ ተነስቶ የዝርያ ስም የሚሰጥ ሰው እየገመተ ነው። የወገኑን፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚጠቃለሉበትን ምድብ፣ ስም ብቻ ጻፉና ናሙናውን ከነሥሩ ነቅላችሁ በጋዜጣ መካከል አድርቁት፤ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የፎቶውን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ከናሙናው ጋር አኑሩት።