ጸሐፊነቱን ንቀው ከሰጡሽ ተቀበዪው

ሌሎቻችሁም እንድትከተሉን ጥያቄውን ባጭሩ ልድገመው። ጠያቂዋ ደብረ ማርቆስ የምትሠራ ወጣት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። የሙያ ማኅበራቸው ቅርንጫፍ አዲስ ሥራ አስፈጻሚ ሊመርጥ ነው። ለሊቀመንበርነት የቀረቡት እጩዎች መግለጫ ሁሉ አንድ ሰው የጻፈው ስለሚመስል በምን እንደምትለያቸው ግራ ገብቷታል። በዚያ ላይ እሷን «ሴትም ነሽ፣ ጽሕፈትሽም ጥሩ ነው፣ ጸሐፊ ሁኚ» ብለው ጠቁመዋታል። ትቀበል ወይስ ትተወው?

እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ የመጀመሪያው መልስም እዚያው ውስጥ አለ። እኔ ባሕር ዳር ተቀምጬ በእንዲህ ዓይነት ማኅበር በአስመራጭ ኮሚቴም በገንዘብ ያዥነትም አገልግያለሁ። የሰጡሽ ምክንያት ያናድዳል፤ የሰጡሽ ወንበር ግን የማኅበሩ ዋና ወንበር ነው። ሊቀመንበር ስብሰባ ይከፍታል፣ ንግግር ያደርጋል፣ ከቢሮ ኃላፊ ጋር ፎቶግራፍ ይነሣል። አጀንዳ የሚያዘጋጀው፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው፣ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአባላትን መዝገብ የሚጠብቀው ጸሐፊው ነው። ማን አባል እንደሆነ፣ ማን መዋጮውን እንደከፈለ፣ ማን መምረጥና መመረጥ እንደሚችል የሚታወቀው ከዚያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ከተበላሸ ምርጫ ብሎ ነገር የለም።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ምልዓተ ጉባኤ ይሟላ አይሟላ የሚናገር ሰው ጠፋ። የቀድሞው ጸሐፊ ዝርዝሩን በግል ኮምፒውተሩ ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል፤ ስልኩም አይነሣም። ከተሰበሰበው ሰው ገሚሱ ለዓመታት መዋጮ ያልከፈለ ሲሆን፣ ገሚሱ ደግሞ ከነጭራሹ አባል መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት የለውም። ሻይና ዳቦው ተበልቶ ተበተንን። በኋላ በሌላ ቀን የተመረጡት ሰዎች የተረከቡት አንድ ማኅተምና ቁልፉ የጠፋ ካዝና ነበር። የመጀመሪያው ዓመታቸው ያለቀው አባላትን በየመሥሪያ ቤቱ እየዞሩ እንደገና በመመዝገብ ነው። የሊቀመንበሩ መግለጫ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግሩም ነበር።

የሚገርመኝ ማናችንም የሰፈራችንን ዕድር ሹማምንት ስንመርጥ እንዲህ አንዘናጋም። ለዕድር ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ የምንመርጠው ድንኳኑ የት እንዳለ፣ ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ በቃሉ የሚያውቀውን ሰው ነው፤ ንግግር ማሳመሩን ማንም አይጠይቅም። መሐንዲሶች ስንሰበሰብ ምን እንደሚነካን አላውቅም።

አሁን ወደ እጩዎቹ መግለጫ። በእኛ አካባቢ የእጩ የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ሦስት ሥራዎች አይጠፉም፤ ጣና በለስ፣ ቆጋ፣ አሁን አሁን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ። «ተሳትፌአለሁ» ይላል ሁሉም። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ነው፤ ቆጋ መራዊ አጠገብ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ የመስኖ ግድብ ነው፤ ድልድዩም 380 ሜትር ርዝመት አለው። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ያልተሳተፈ መሐንዲስ መፈለግ ይቀላል። እንግዲህ ምን ሠርተህ ነበር ብለሽ ጠይቂ፤ ቅየሳ ነው፣ ንድፍ ነው፣ ቁጥጥር ነው፣ ወይስ የጎብኚ ቡድን አባል? ደግሞም ሰውየው በእርግጥ ጎበዝ መሐንዲስ ቢሆን እንኳ ግድብ መሥራቱ ማኅበር እንደሚመራ አያስረዳም። በሙያቸው አንቱ የተባሉ፣ በስብሰባ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ የታዩ መሪዎች ነበሩን።

እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እሱን ብቻ ብትጠይቂያቸው ግማሹን ታጣሪያለሽ፤ «በዚህ ማኅበር ውስጥ ጀምረህ፣ ጨርሰህ፣ ለሌላ ሰው ያስረከብኸው ሥራ ምንድን ነው?» ሥልጠና ሊሆን ይችላል፣ የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ፣ የኦዲት ሪፖርት፣ የተማሪዎች ጉብኝት። ትንሽነቱ ግድ የለም። የሚመልሰው ካጣና «ከተመረጥሁ ግን...» ብሎ ከጀመረ፣ በአክብሮት አዳምጪውና ድምፅሽን ለሌላ ስጪ።

ርክክብን በሥርዓት የያዙትን ለማየት ወደ ውጭ መመልከትም ይጠቅማል። በዓለም ትልቁ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በአጭር ስሙ አይትሪፕልኢ የሚባለው፣ በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለት ቀደምት ማኅበራት ተዋሕደው የፈጠሩት ነው። እዚያ አሸናፊው በነጋታው ወንበር ላይ አይቀመጥም። አንድ ዓመት ተመራጭ ፕሬዚዳንት ሆኖ ከነባሩ ሥር ይሠራል፣ በሁለተኛው ዓመት ፕሬዚዳንት ይሆናል፣ በሦስተኛው ዓመት የቀድሞ ፕሬዚዳንት ተብሎ አዲሶቹን ያግዛል። እጩም ከአመራሩ ብቻ አይመጣም፤ የአባላትን የድጋፍ ፊርማ አሰባስቦ መቅረብ ይቻላል። የእኛ ቅርንጫፎች ይህን ሁሉ መሸከም አይችሉም። ሆኖም ተሰናባቹ ጸሐፊ ቢያንስ ለጥቂት ወራት ከአዲሱ ጋር እንዲሠራ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ማስገባት ገንዘብ አይጠይቅም።

ከሁሉ የከበደው የጥቅም ግጭት ነው፤ ሰው ደፍሮ አይናገረውም እንጂ። አካባቢያችን ጠባብ ነው። አንዱ አባል በአሠሪው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ክፍያ ያጸድቃል፣ ሌላው በአማካሪነት ሥራውን ይቆጣጠራል፣ ሦስተኛው ተቋራጭ ነው። ሦስቱም እሑድ ማኅበር ላይ «ባልደረቦች» ናቸው። አንድ ጊዜ ምርጫ ሊካሄድ ሲል አባላት ሆቴል ምሳ ተጋበዙ። ሒሳቡን የከፈለው አንድ ተቋራጭ ነበር፤ ከእጩዎቹ አንዱ ደግሞ የዚያው ተቋራጭ ሥራ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ። ምሳው ጣፋጭ ነበር፤ ማንም ምንም አላለም። በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ሰው አይወዳደር ማለት አይቻልም፤ እንደዚያ ካልን በከተማው እጩ አይቀርም። ነገር ግን የት እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር ውል እንዳለው፣ የምርጫ ቅስቀሳውን ማን እንደሚከፍልለት በጽሑፍ ያሳውቅ። እጅሽን አውጥተሽ በጉባኤው ፊት ጠይቂ። ጥያቄው ለሁሉም እጩ እኩል ከቀረበ ስድብ አይሆንም።

የወንዝና የትምህርት ቤት ወገንተኝነትንም አትርሺ። «የፖሊ ልጆች»፣ «የአምስት ኪሎ ልጆች»፣ «የአርባ ምንጭ ልጆች» እየተባለ ድምፅ ይከፋፈላል፤ አንዳንዴም የሞጣ ነው፣ የብቸና ነው፣ የዳሞት ነው ይባላል። ድምፅ በምስጢር ሲሰጥ ይህ በተወሰነ ደረጃ ይበርዳል። እጅ በማውጣት ሲሆን ግን አለቃው ፊት ለፊት የተቀመጠ ወጣት መሐንዲስ እጁ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂዋለሽ። አስመራጭ ኮሚቴው የድምፅ መስጫ ወረቀት እንዲያዘጋጅ ከወዲሁ ግፊት አድርጊ።

ስለ ቦታም ልናገር፤ እኔ ባሕር ዳር ስለምኖር ብናገረው ይሻላል። ቅርንጫፉ የጎጃም ይባላል፣ ስብሰባው ግን ሁልጊዜ ባሕር ዳር ነው። ከደብረ ማርቆስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለመምረጥ የሚመጣ ሰው ትንሽ ነው፤ መንገዱ በማይታመንበት ጊዜ ደግሞ ጭራሽ የለም። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ የሚመረጠው አዳራሹ አጠገብ የሚኖረው ሰው ነው። የፍኖተ ሰላም፣ የሞጣ፣ የደጀን አባል እንዴት ይመርጣል? በውክልና? በየከተማው ምርጫ ጣቢያ ይቋቋም? ይህን ያላሰበበት እጩ የባሕር ዳርን ማኅበር ለመምራት ነው የሚወዳደረው። ውክልና የሚፈቀደው ግን ደንባችሁ ከፈቀደ ብቻ ስለሆነ አስቀድመሽ አንብቢ።

በሕጉም በኩል ጥያቄሽ መሠረት አለው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበርን ሲተረጉም የበላይ ውሳኔ ሰጪው ጠቅላላ ጉባኤው እንደሆነ ይናገራል። ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥም ያዛል። ይህ ገደብ ማኅበራችሁን ባይመለከት እንኳ፣ ስለ ውሎ አበልና ስለ ነዳጅ አብዝቶ የሚያወራ እጩ ካለ ይህን ቁጥር አስታውሺው።

እንግዲህ ጸሐፊነቱን ተቀበዪ እላለሁ፤ ነገር ግን በቅድመ ሁኔታ። የአባላት መዝገቡን፣ የቃለ ጉባኤ ፋይሉንና ማኅተሙን ተሰናባቹ በጽሑፍ እንዲያስረክብሽ፣ የኢሜይሉና የሌሎቹ የማኅበሩ አድራሻዎች የይለፍ ቃልም አብሮ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። አጀንዳ የምታዘጋጂው አንቺ መሆንሽን የሥራ ዝርዝሩ ይናገር። «ሴት ስለሆነች» የሚለውም ከጥቆማው ቃለ ጉባኤ ይውጣና ባለፈው ዓመት የሠራሽው ይግባበት። ይህን ሁሉ በጥቆማው ወቅት ጠይቂ፤ ከተመረጥሽ በኋላ የሚሰማሽ የለም። ርክክቡን በጽሑፍ አናደርግም ካሉሽ ግን ጸሐፊነቱን ተይላቸውና፣ ደንባችሁ የሚጠይቀውን የአባልነት ዘመን ካሟላሽ፣ ጥቆማው ሳይዘጋ ለሊቀመንበርነት ተመዝገቢ።