የተሳቢ እንስሳት ቤትና የቫርኒሽ ምርጫ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ለእንሽላሊቴ ከኮምፔንሳቶ ቤት ሠርቻለሁ። የዘይት ቫርኒሽ ልቀባው ወይስ በውኃ የሚቀጥነውን?

መልስ፦ በውኃ የሚቀጥነውን ፖሊዩሬቴን (ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ ያለ ጠንካራ ሽፋን የሚሆን ቫርኒሽ) ይምረጡ። ሁለቱም ውስጣቸው ድረስ ከጠነከሩ በኋላ የሚያሰጉ አይደሉም፤ ነገር ግን ከዘይት ቫርኒሹ የሚተነው የማሟሟ ፈሳሽ ብዙ ስለሆነ ሽታው ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከአንድ ወፍራም ቅብ ይልቅ ሦስት ስስ ቅቦች ይበልጣሉ፤ በየመካከላቸውም በቁጥር 220 የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ይሹት። ኮምፔንሳቶ ውኃ የሚጠጣው በተቆረጠው ጠርዙ በኩል ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ይህን ጠርዝ ደጋግመው ይቀቡት።

ጥያቄ፦ ጣሳው ላይ «በ2 ሰዓት ይደርቃል» ይላል። እባቤን ዛሬ ማታ ላስገባው?

መልስ፦ በፍጹም። ጣሳው የሚነግርዎ የሚቀጥለውን ቅብ መቼ መደረብ እንደሚችሉ እንጂ እንስሳ መቼ እንደሚገባ አይደለም። ላዩ በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም፣ ቅቡ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል፤ ቀዝቃዛና እርጥበት ያለው ክፍል ደግሞ ጊዜውን ያራዝመዋል። እባቡ በጠባብ ሳጥን ውስጥ በመብራት የሞቀውን ያንኑ አየር ቀንና ሌሊት ስለሚተነፍስ፣ ለእኛ ቀላል የሚመስለን ሽታ ለእርሱ ቀላል አይሆንም። በሩን ከፍተው ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ያቆዩት፤ ጊዜው ሲሞላ ባዶውን ሳጥን ዘግተው የማሞቂያ መብራቱን አንድ ሙሉ ቀን ያብሩ። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርገው አፍንጫዎን ያስጠጉ። ጥቂትም ቢሆን የቀለም ሽታ ከመጣ፣ ወይም በማይታይ ጥግ ላይ ጥፍርዎን ሲጫኑ ምልክት ከቀረ፣ ገና ነው።

ጥያቄ፦ የተልባ ዘይት ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይሻልም?

መልስ፦ ተፈጥሯዊ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት በአብዛኛው ቶሎ እንዲደርቅ እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያሉ ብረታማ ማድረቂያዎች ይጨመሩበታል፤ ጥሬው ደግሞ ለመድረቅ ሳምንታት ይወስዳል፤ እርጥበትንም በቅጡ አይከላከልም። ከተጠቀሙበት ግን አንድ ነገር አደራ፦ ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።

ጥያቄ፦ የእኔ እንስሳ ብዙ እርጥበት ይፈልጋል፤ በየቀኑ ውኃ እረጫለሁ።

መልስ፦ እዚህ ላይ ቫርኒሽ ብዙ አያዛልቅም። የወለሉንና የግድግዳውን የታችኛ ክፍል ሁለት ፈሳሽ በማዋሐድ በሚዘጋጅ ኤፖክሲ ይሸፍኑ። ልኩ በግምት ከተደባለቀ አንዳንዱ ቦታ ለዘለቄታው ተለጣፊ ሆኖ ስለሚቀር በመለኪያ ይሥሩ። መጋጠሚያዎቹን የሻጋታ መከላከያ ኬሚካል በሌለው ሲሊኮን ይድፈኑ፤ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ጠረኑ ጨርሶ እስኪጠፋም ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ሴዳር የተባለውን መዓዛማ እንጨት በርካሽ አግኝቻለሁ። በደንብ ብቀባውስ?

መልስ፦ ለሌላ ሥራ ያውሉት። መዓዛውን የሚሰጡት ዘይቶች ለተሳቢ እንስሳት ጎጂ ናቸው፤ ቅቡም አንድ ቦታ ከተጫረ መውጫ ያገኛሉ።