መልስ፦ ለካሹ ገዢ ወይስ ለባንኩ?
እህቴ ሐዋሳ ታቦር ያለውን ቤትሽን አንዱ በባንክ ብድር ከፍ አርጎ ሌላው በካሽ ትንሽ ቀንሶ ጠይቀውሽ ለማን ልሽጥ ላልሽው፣ እኔ ብሆን ለካሹ ነው የምሸጠው። የባንኩ ሰውዬ ዋጋው አሪፍ ነው ግን ብሩ ገና እጁ ላይ የለም፣ ባንኩ ኢንጂነር ልኮ ቤቱን ያስገምታል ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተስማማችሁበት ያንሳል፣ ልዩነቱን ከኪሱ መሙላት ካቃተው አንቺ ስትጠብቂ ከርመሽ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ። ልዩነቱን አሁኑኑ በሲፒኦ (ባንክ አረጋግጦ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ካሳየሽ ግን ለሱ ሽጪለት፣ ያዋጣሻል። ደላላው ከሁለቱም ቀብድ ተቀበዪ ቢልሽ በፍፁም እንዳትሰሚው!! ቀብድ የበላ ሻጭ ሀሳቡን ከቀየረ እጥፍ ነው የሚመልሰው፣ ፍትሐ ብሄር ህጉ ላይ አለ። ዋናውን ካርታ ለማንም አትስጪ ኮፒ ይበቃል፣ ፊርማው ውልና ማስረጃ ይሁን፣ ባለትዳር ከሆንሽ ባልሽም አብሮ ይፈርም።