ባዕድ አምልኮን የሚያሳይ ፊልም ማየት ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፥ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ባለፈው ዓርብ ማታ የሥራ ባልደረቦቼ ጋብዘውኝ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን «ዘ ዊከር ማን» የተባለ የብሪታንያ አስፈሪ ፊልም አየሁ። ታሪኩ ጠፋች የተባለች ልጅ ሊፈልግ ወደ አንዲት የስኮትላንድ ደሴት ስለ ሄደ ክርስቲያን ፖሊስ ነው። የደሴቲቱ ሰዎች የጥንት አማልክትን የሚያመልኩ ናቸው፤ በመጨረሻም ከቀንበጥ በተጎነጎነ ግዙፍ የሰው ምስል ውስጥ ከእንስሳት ጋር ዘግተው በእሳት ይሠዉታል። ካየን በኋላ ክርክር ተነሣ። አንዱ «ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ደረቅና ትዕቢተኛ ነበር» አለ። ሌላዋ «የደሴቲቱ ሰዎች ነጻና ደስተኞች ናቸው፤ ከእሱ እምነት የእነሱ ይሻላል» አለች። ሦስተኛው በትንሽ ገንዘብ የተሠራ በመሆኑ ምኑም እንደማያስፈራ ተናግሮ ሳቀ። አንድ ካቶሊክ ባልደረባችን ግን «ሰማዕት ሆኖ ሞተ» አለ። እኔ ዝም አልሁ፤ ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዘፈኖቹ ደስ እያሉኝ በእግሬ ምቱን እየመታሁ ነበርና። ማየቴ ኃጢአት ነውን? የፖሊሱስ ሞት ሰማዕትነት ይባላልን?

መልስ፦ እኅቴ፥ ለጥያቄሽ ስል ፊልሙን አይቼዋለሁ። ከጻፍሽው ሁሉ ይልቅ የያዘኝ ስለ እግርሽ የጻፍሽው ስለ ሆነ ወደ እርሱ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ማየት ልናገር።

ጣዖት ሲመለክ ማየትና ጣዖት ማምለክ አንድ አይደሉም። መጽሐፍ ቅዱስ ባዕድ አምልኮን ሳይሸፋፍን ይተርክልናል፤ የበኣል ነቢያት በቀርሜሎስ ተራራ ደማቸው እስኪፈስ ድረስ ሰውነታቸውን ሲያቆስሉ (1ኛ ነገ. 18፥28)፥ የሞዓብም ንጉሥ የበኵር ልጁን በቅጥር ላይ ሲሠዋ (2ኛ ነገ. 3፥27) እናነባለን። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና የሰዎቹን አምልኮ እየተመለከተ ካለፈ በኋላ ካየው መሠዊያ ተነሥቶ ሰብኳል (ሐዋ. 17፥23)። እርሱ ያየው ሊሰብክበት ነው፤ እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ልንዝናናበት ነውና በጳውሎስ ስም መከለል አይገባንም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ እ.ኤ.አ. በ399 በቁስጥንጥንያ፥ ዓርብ ቀን ወደ ፈረስ እሽቅድምድም በማግሥቱም ወደ ቲያትር የሮጠውን ሕዝብ የገሠጸው፥ ሰው ከቲያትር ቤት ሲወጣ ያየውና የሰማው በልቡ ተቀምጦ አብሮት ወደ ቤቱ እንደሚገባ በማስረዳት ነበር። በአገራችንም ሲኒማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲገባ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎታል። እኔ እስከዚያ አልሄድም፤ አፈ ወርቅ የጠየቀውን ጥያቄ ግን መተው አይቻልም፤ ካየሽው ነገር አብሮሽ ወደ ቤት የገባው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዘፈኖቹ እንምጣ። የዚህ ፊልም ብልሃት፥ ተንኮሉም ቢባል ያስኬዳል፥ በእሳቱ ሳይሆን በዜማው ውስጥ ነው። በሌሎች አስፈሪ ፊልሞች እንደተለመደው ጨለማና ደም አይበዛበትም፤ የሚታየው የመጠጥ ቤት ዘፈን፥ በተተከለ ረጅም እንጨት ዙሪያ እየዞሩ የሚዘምሩ ልጆች፥ የበዓል ጭምብል ያጠለቁ ፈገግታ የማይለያቸው ጎረቤታሞች ናቸው። ፖሊሱ በአንጻሩ ይቆጣል፥ ይጮኻል፥ ያስፈራራል። እንዲህ ሲሆን ተመልካቹ ሳያስበው የሚዘፍኑትን እየወደደ፥ የሚቆጣውን እየሰለቸ ይሄዳል። በመጨረሻ ያው ሕዝብ በዚያው ፈገግታ፥ እጅ ለእጅ ተያይዞ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ፥ ሰው እየነደደ ሲዘፍን ስናይ፥ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከማን ወገን ቆመን እንደ ነበር እናውቃለን። በአንቺ ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ ያስደነገጠሽም እሳቱ ብቻ አይመስለኝም። በእግርሽ ምት መምታትሽ አምልኮ አይደለም፥ ስለዚህ እንደ ክህደት አትቍጠሪው። ነገር ግን ልብ በክርክር ሳይሸነፍ በዜማ ሊወሰድ እንደሚችል በራስሽ አይተሻል፤ ይህም ለአንድ ክርስቲያን ቀላል እውቀት አይደለም።

«የእነሱ ይሻላል» ላለችው ባልደረባሽ መልሱ በፊልሙ ውስጥ አለ። ክሪስቶፈር ሊ የተጫወተው የደሴቲቱ ባለቤት ለፖሊሱ በግልጽ ይነግረዋል፤ አያቱ እ.ኤ.አ. በ1868 ደሴቲቱን የገዛ የሳይንስ ሰው ነበር፤ አዳዲስ የፍራፍሬ ዝርያዎች አመጣ፤ ሕዝቡን ለሥራ ለማነሣሣት ደግሞ የጥንት አማልክታቸውን መለሰላቸው። አያቱ ለጥቅም የጀመረውን አባቱ በፍቅር ቀጠለበት። እንግዲህ ነጻ የተባሉት ሰዎች የሚያመልኩት ባለመሬቱ ለእርሻው ብሎ ያዘጋጀላቸውን ነው። ይህ የናባጥ ልጅ የኢዮርብዓም ሥራ ነው፤ እርሱም ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ ልቡ ወደ ይሁዳ ንጉሥ እንዳይመለስ ፈርቶ ሁለት የወርቅ ጥጆች ሠራ፥ በገዛ ልቡ ባሰበውም ወር በዓል አደረገ (1ኛ ነገ. 12፥26-33)። የፖም ምርቱ ሲከሽፍ ባለመሬቱ ዕዳውን የሚከፍለው በእንግዳ ሰው ደም ነው። ፖሊሱም ሊሞት ሲል የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ምርቱ ዳግመኛ ቢከሽፍ በሚቀጥለው ዓመት የሚሠዋው ጌታው ራሱ እንደሚሆን ለሕዝቡ ይነግራቸዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ፊቱ ሲለወጥ የሚታየው ባለመሬቱ ነው።

ይህ አምልኮ በእውነት የነበረ ለዚያች ባልደረባሽ መስሏት ከሆነም፥ የቀንበጡ ምስል ወሬ በዋናነት የመጣው ዩልዮስ ቄሳር ስለ ጋሊያ (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) ጦርነት ከጻፈው ነው፤ ቄሳር ደግሞ የሚጽፈው ስለሚወጋቸው ሕዝቦች ስለ ሆነ የታሪክ ምሁራን ቃሉን በጥንቃቄ ይቀበሉታል። የቀረው በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጄምስ ፍሬዘር የተባለ ምሁር ከየአገሩ ከሰበሰበው ልማድ የተቀጣጠለ ነው። እንደዚያ ሆኖ በአንድ ላይ ያመለከው ሕዝብ የለም።

ስለ ሰማዕትነት የጠየቅሽው ከባዱ ነው። ሰውየው ልብ ወለድ ነውና ስሙ ከሰማዕታት ጋር አይቈጠርም። እንዲያው ለትምህርት ብንመረምረው ግን፥ ሰማዕታት ብዙውን ጊዜ «ክደህ ዳን» ተብለው ተጠይቀው እምቢ ያሉ ናቸው፤ ሠለስቱ ደቂቅ ለምስሉ ቢሰግዱ ኖሮ ወደ እሳቱ ባልተጣሉ ነበር። ይህን ፖሊስ «ካድ» ያለው የለም፤ ተታልሎ ነው የተያዘው። ይሁን እንጂ ሄሮድስ ያስፈጃቸው የቤተ ልሔም ሕፃናትም አልተጠየቁም፥ ቤተ ክርስቲያን ግን ታከብራቸዋለች። ስለዚህ ካቶሊኩን ባልደረባሽን «ተሳስተሃል» ብለሽ አትቸኩዪበት። ሰውየው ቁጡና ንቀት የሚታይበት መሆኑ እውነት ነው፤ የሞተው ግን ስለ ቁጣው አይደለም። ከመረጡበት ምክንያት አንዱ ድንግል መሆኑ ነው፤ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ልጅ ከግድግዳው ማዶ እየዘፈነች ስትጠራው፥ በላብ ተጠምቆ ከራሱ ጋር እየታገለ ሌሊቱን ያለፈ ሰው ነው። «በዚያች ሌሊት ቢወድቅ ኖሮ በተረፈ» የሚሉ ተመልካቾች አሉ፤ በጲጥፋራ ቤት የነበረው ዮሴፍም ቢወድቅ ኖሮ ወኅኒ ባልገባ ነበር። በእሳቱም ውስጥ ሆኖ ሳይናዘዝ መሞቱን እያሰበ ስለ ነፍሱ ይለምናል፥ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውንም መዝሙር (መዝ. 22) ይዘምራል። ሌሎቹ የሳቁበትን አንቺ መሳቅ ያልቻልሽው፥ ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ከሊቢያ የወጣውን የወንድሞቻችንን ቪዲዮ የኛ ሰው ስለማይረሳው ይመስለኛል። እነርሱ ተዋንያን አልነበሩም።

ሦስተኛው ባልደረባሽ ስለ ገንዘቡ የተናገረው ትክክል ነው፤ ክሪስቶፈር ሊ ያለ ክፍያ እንደ ሠራ ይታወቃል፤ ታሪኩ የጸደይ ሆኖ ቀረጻው በጥቅምትና በኅዳር ስለ ነበር በዛፎቹ ላይ ሰው ሠራሽ አበባ ተሰክቶባቸዋል። ከዚህ የሚያልፍ ነገር አልተናገረምና እኔም አልፈዋለሁ።

ነገር ግን በደሴቲቱ ሰዎች ላይ ስንፈርድ፥ ለውቃቢ ገብስማ ዶሮ የሚያርድ፥ በዓውደ ዓመት ደም ረግጦ የሚያልፍ የኛ ሰው እንዳለ አንርሳ፤ ስንዱን፥ የውቃቢውን ዕቃ፥ ሸክፎ ባሕር የተሻገረም አለ። መጠኑ ይለያያል እንጂ ንግዱ ያው ነው፤ ደም ሰጥቶ ሲሳይ መግዛት። ባልደረቦችሽ «እናንተስ መሥዋዕት አላችሁ አይደል?» ቢሉሽ፥ የእኛ ሊቀ ካህናት የሌላውን ደም ሳይሆን የራሱን ይዞ አንድ ጊዜ እንደ ገባ (ዕብ. 9፥12)፥ ስለዚህም ከእርሱ በኋላ ማንም እንዲታረድልን እንደማንፈልግ ንገሪያቸው።

ለንስሐ አባትሽ ማየትሽንም፥ ዓርብ የጾም ቀን መሆኑንም፥ በዜማው መወሰድሽንም ሳትቀንሺ ንገሪያቸው፤ ቀኖናውን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ፊልም በማየትሽ ብቻ ርኩስ መንፈስ ተጠግቶኛል ብለሽ አትጨነቂ። ምስሉ ሌሊት እየመጣ የሚያስቸግርሽ ከሆነ ከመኝታ በፊት መዝሙር 90ን ድገሚ። ሁለተኛ ሲጋብዙሽ መቅረት ትችያለሽ፤ ብትሄጂም ዓርብ አይሁን፥ ስለሚታየውም ነገር አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ክርክር ከተነሣም እንደ ባለፈው ዝም አትበዪ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።