አንዴ የእህቴ፣ አንዴ የኔ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ቢቸና አካባቢ ተወልጄ አሁን ደብረ ማርቆስ ነው የምሠራው። ከደመወዜ አጠራቅሜ ሁለት በሬ ገዛሁና ታላቅ ወንድሜ እንዲያርስባቸው በአደራ ሰጠሁት። ከሦስት ዓመት በፊት ከሚስቱ ሲፋታ የንብረት ክፍፍል መጣ። ያኔ በጽሑፍ መልሱ «በሬዎቹ የእህቴ ናቸው» አለ። እኔም መሰከርኩ። ፍርድ ቤቱ ከክፍፍሉ አወጣቸው። ዘንድሮ በሬዎቼን ስጠይቀው «የኔ ናቸው፣ አንቺ ምን አለሽ?» አለኝ። እናቴ «ወንድምሽን ችሎት አታቁሚ» ትላለች። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ደግሞ «ያኛው መዝገብ ሌላ ነው፣ አይጠቅምሽም» አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይጠቅምሻል። እንዲያውም ዋናው ማስረጃሽ እሱ ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1193 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት በእጁ ያለ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። በሬዎቹ የሚያድሩት እሱ በረት ነው። ስለዚህ ዝም ብለሽ ብትከሺ ግምቱ ለእሱ ያደላል። ይህን ግምት ከራሱ ቃል የበለጠ የሚያፈርሰው የለም። የመልስ ጽሑፉን መጨረሻ እዪው። የቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑን በሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ የሚል መስመር ታገኛለሽ፤ ከሥሩ ፊርማው አለ። ብዙ ሰው ሳያነበው ይፈርማል። እኔ ግን ከጽሑፉ ሁሉ የሚከብደኝ እሱ መስመር ነው።

በአሜሪካ በአንድ ክስ አንድ ነገር ብሎ የተፈረደለት ሰው በሌላ ክስ ተቃራኒውን እንዳይል መከልከል ራሱን የቻለ መርህ ነው። ኒው ሃምፕሸር የምትባለው ግዛት ከጎረቤቷ ከሜይን ጋር ድንበሩ የወንዙ መካከል ነው ብላ በ1977 ተስማማች። ኋላ «ወንዙ በሙሉ የኔ ነው» ብላ መጣች። በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም። እኛ ጋ ደግሞ ዳኛው የቀድሞ ቃሉን እንደ ማስረጃ ይመዝነዋል።

አንድ ነገር ግን ሳትደብቂ ንገሪኝ። ከፍርዱ በኋላ ሸጠሽለታል? ገንዘብ ተቀብለሻል? ከሆነ ቃሉ አልተጋጨም፣ ነገሩ ሌላ ነው።

ካልሆነ የፍቺውን መዝገብ ቁጥር ያዢና ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤት ኃላፊ) አመልክቺ። የመልሱን፣ የምስክርነትሽንና የፍርዱን ግልባጭ ማኅተም አስመትተሽ ውሰጂ።

የእናትሽ ጭንቀት ይገባኛል። መጀመሪያ ሽማግሌ ላኪበት። ወረቀቶቹን ሽማግሌዎቹ ፊት አስነብቢ፤ ይህንንም ይጠይቁልሽ፦ በሬዎቹ የእሱ ከነበሩ፣ ያቺ ሴት ድርሻዋን ለምን ተከለከለች?